ቲቸር በር እና የሰባተኛ «መ» ልጆች

የሰባተኛ «መ»ን ክፍል ከእሷ በፊት የያዘው መምህር የለቀቀው አፍንጫው ተሰብሮ ነው። ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ አንዱ ከኋላ «ቲቸር!» ብሎ ጠራው፤ ምን ሊጠይቀኝ ይሆን ብሎ ዞር ሲል ተነቅሎ የቆየ የዴስክ እግር ፊቱ መሀል አረፈ። ደሙን በእጁ አፍኖ ከክፍሉ ወጣ፣ ከግቢው ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ጃኬቱን እንኳ መጥቶ የወሰደለት ወንድሙ ነው።

ርእሰ መምህሯ መምህራኑን ሰብስባ «ማን ይረከብልኛል?» ብትል ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዱ ስኳር አለብኝ አለ፤ ሌላው የልጆች አባት ነኝ አለ። ያኔ ነው ከጥግ በኩል የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዋ «እኔ እወስዳቸዋለሁ» ያለችው። አጠገቧ የተቀመጠችው የሳይንስ መምህርት «አብደሻል እንዴ?» ብላ አንሾካሾከችላት። በግራ በኩል ስለነበረች ግን አልሰማቻትም።

የግራ ጆሮዋ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። የሞተውም እሷ ራሷ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ክፍሉን አፍኖት አዛጋች። መምህሩ ከሰሌዳው ተንደርድሮ መጥቶ በጥፊ ሲላት ከዴስኳ ወድቃ ወለሉ ላይ ተዘረረች፤ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ዓለም ጭጭ ነው። ቤት ሄዳ ብትናገር አባቷ «ሳታጠፊ አይመታሽም» ብሎ ሌላኛውን ጉንጯን ሊደግማት ተነሳ። እናቷ መሀል ገብታ ነው ቀኙ የተረፈው። እናትየው በልጇ ፈንታ የቀመሰችው ዱላ ግን ለብቻው ይወራል።

ሴትየዋ አድጋ አስተማሪ ስትሆን አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትቆም መሬቱን የያዘች የምትመስል ሆነች። ባሏ በያጅ ነው። ሊያማርርባት ሲፈልግ በግራዋ በኩል ዞሮ ያማርራል፤ እሷም ከንፈሩን ከመስታወት እያየች «ሰምቼሃለሁ» ትለዋለች። በዚህ ሲሳሳቁ ኖረዋል። የዚያን ዕለት ግን ሰባተኛ «መ»ን መረከቧን ስትነግረው በቀኟ በኩል መጥቶ «እኔ ብረት ስበይድ መነጽር አደርጋለሁ፤ አንቺ ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

በዚያ ትምህርት ቤት ሥርዓት ማለት ምክትሉ ነበር። ምክትል ርእሰ መምህሩ ረጅም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ድምፅ አያስፈልገውም፤ እጅጌው ውስጥ የውሃ ጎማ አለው። ከአትክልት ማጠጫው ቆርጦ ጫፉን በእሳት ደፍኖ ያበጀው ነው። ልጆቹ «ጋሼ ጎማ» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ያረፈደውን ጠጠር ላይ ያንበረክካል፤ ሸሚዙ የወጣበትን፣ ጥፍሩ ያደገበትን፣ የሳቀውን፣ አትሳቅ ሲባል ያለቀሰውን ይገርፋል። ጎማው ባት ላይ ሲያርፍ ድምፁ እስከ መምህራን ማረፊያ ይሰማል። እዚያ ያሉት ሻያቸውን ማማሰል አያቋርጡም።

ክፍሉን ከመረከቧ በፊት ቢሮው ሄደች።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው።»

«እዘዢኝ፣ እትዬ።»

«እኔ በያዝኩት ክፍል ጎማ አይግባ።»

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የሚያዝንላት ነበር የሚመስለው። «እነዚህ እኮ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ሳምንት ሳይሞላሽ ራስሽ መጥተሽ ጎማውን አውሰኝ ትይኛለሽ።»

«ካልኩህ ታውሰኛለህ። እስከዚያ ግን አይግባ።»

«እሺ፣ እናያለን» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

በመጀመሪያው ቀን ደወሉ ሳይደወል ሄዳ የክፍሉን በር ይዛ ቆመች። ልጆቹ ግማሹ በበር፣ ግማሹ በመስኮት ነበር የሚገቡት። «በመስኮት የገባ በመስኮት ይውጣና በበር ይምጣ» አለች። ሳቁባት። እሷም ቆማ ጠበቀች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በዚህ አለቀ፤ አንድም ቁጥር አልተጻፈም። በማግስቱም እንዲሁ። በሩ ላይ እያንዳንዱን ትጨብጣለች፤ የሚጨበጠው እጅ ባዶ መሆን አለበት። ድንጋይ የያዘ ድንጋዩን፣ ምላጭ የያዘ ምላጩን፣ ኮምፓስ የያዘ ኮምፓሱን ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ኮምፓስ ለሒሳብ ሲያስፈልግ ይታደላል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። ይህን ያዩ ልጆች ስም አወጡላት፤ «ቲቸር በር»።

ከሁሉም የከፉት ሁለቱ ነበሩ። አንደኛው «ቴስታ» የሚባለው ነው። የቲማቲምና የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ማንኛውንም ክርክር በግንባሩ የሚጨርስ። ቤት ደግሞ ታላቅ ወንድሙ እንደ እህል ይወቃዋል፤ ሰኞ ሰኞ ዓይኑ አብጦ ሲመጣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። ሁለተኛዋ «መርፌ» ናት። ከሲታ፣ ዝምተኛ፣ ስትናደድ በኮምፓስ ጫፍ የምትወጋ። ከኋላዋ ተቀምጦ ጸጉሯን የጎተተ ሁለቴ አይጎትትም።

እነዚህ ሁለቱ በዚያው ሳምንት ተገናኙ። ቴስታ በመርፌ ደብተር ላይ ጭቃ ጫማውን ጠረገ። መርፌ ካልሲዋ ውስጥ ደብቃ ያስገባችውን ኮምፓስ አውጥታ ትከሻው ላይ ሰካችበት። ልጁ ሲያጓራ ግድግዳው የተሰነጠቀ መሰለ። ጸጉሯን ጨብጦ ግንባሩን ግንባሯ ላይ ሲያሳርፍ የልጅቷ ዓይን ነጭ ብቻ ሆነ። ሌሎቹ ዴስክ ላይ ወጥተው «በላት! በዪው!» ይላሉ። አስተማሪዋ መሀላቸው ገብታ አንዱን በክርኗ፣ አንዷን በዳሌዋ ገፍታ ለየቻቸው፤ ሸሚዟ ላይ የማን ደም እንደሆነ የማይታወቅ ደም ነበር። ኮምፓሱን ከልጁ ሥጋ ላይ የነቀለችው እሷ ናት።

ቁስሉ ከታሰረ በኋላ ሁለቱን አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ከእሱ ጋር?» አለች መርፌ።

«ከእሱ ጋር። መጽሐፉም አንድ ነው። እሱ ገጹን ካልገለጠ አንቺ አታነቢም፤ አንቺ ካላነበብሽለት እሱ አይጽፍም።»

«ብገላትስ?» አለ ቴስታ።

«ከገደልካት መጽሐፉን ለብቻህ ትይዛለህ። ግን የእጅ ጽሕፈትህን አይቼዋለሁ፤ ያለሷ አታልፍም።»

ክፍሉ ሳቀ። ቴስታም ሳያስበው ሳቀ።

ሥርዓቷ ቀስ እያለ ተተከለ። ሲገቡ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል፤ ስም ጠርታ እስክትጨርስ በዝምታ ይሠራሉ። አንድ ሰው ሲናገር ሌላ አይናገርም። ምክንያቱን አልደበቀቻቸውም። «አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለኝ። ሁለታችሁ ከጮኻችሁ አንዳችሁንም አልሰማም።» ማን እንዳደነቆራት ሲጠይቋትም ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ የሚናገር ልጅ ተነስቶ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ዞሮ መናገር ልማዱ ሆነ።

አንድ ሌላ ሕግም ነበራት፣ መምህራኑ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁበት። እጁን የበላው፣ ሰው መምታት ያማረው ልጅ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ ተነስቶ ይወጣል፤ ቧንቧው ላይ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። የት ነበርክ የሚለው የለም። መጀመሪያ ላይ መቀለጃ አደረጉት፤ ግማሹ ክፍል እጄን በላኝ እያለ ወጥቶ ውሃ ተራጨ። እሷ ሳትከለክላቸው ማስተማሯን ቀጠለች። ቀልዱ ሲሰለቻቸው ግን የሚወጡት በእርግጥ እጃቸውን የበላቸው ብቻ ሆኑ። ቴስታ አንዳንድ ቀን ሸሚዙ እስከ እምብርቱ ርሶ ጥርሱን ነክሶ ሲመለስ ማንም አይስቅም ነበር።

ዱላው ጠፋ ማለት አይደለም። ከግቢው ውጪ ይደባደባሉ። አንዱ የወለቀ ጥርሱን ይዞ መጣ፣ አንዱ ጣቱ ተጣሞ መጣ። በክፍሉ ውስጥ ግን ደም መፍሰሱ ቆመ፣ ሒሳብም ተጀመረ።

ከዚያ የመስታወቱ ነገር መጣ። በእረፍት ሰዓት ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንጋይ የምክትሉን ቢሮ መስኮት ሰብሮ ገባና ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ምክትሉ አልጠየቀም፣ አላጣራም። ዘበኛውን አስከትሎ በቀጥታ ወደ ሰባተኛ «መ» መጣ። ልጆቹ ክብ እየሠሩ ነበር፣ ኮምፓሱ በየእጃቸው ነው። አስተማሪዋ ጥላውን አይታ በሩ ላይ ደረሰች።

«ወንድሜ፣ ክፍል ይዣለሁ። ሲደወል ና።»

«ዘወር በይ።»

«አልልም። ማን እንደሆነ ታውቋል?»

«ማን እንደሆነ እኔ አወጣዋለሁ።» በትከሻው ገፍቷት ገባ። «ተነሱ! እጅ ወደ ፊት!»

ልጆቹ ተነሱ። ዓይናቸው ግን እሷን ነበር የሚያየው። ምክትሉ ከፊተኛው ዴስክ ጀመረ፤ እዚያ ያለችው መርፌ ናት። የመጀመሪያውን ጣቶቿ ላይ አሳረፈ። ልጅቷ አልጮኸችም። ይህ አናደደው መሰል ሁለተኛውን አንገቷ ላይ አወረደው፤ ቆዳዋ ተልጦ ደም ብቅ አለ። ሦስተኛውን ሲያነሳ አስተማሪዋ ጎማውን ከኋላ በሁለት እጇ ያዘችው።

«በቃ! ልጅ ናት!»

መነጨቃት። እሷ አልለቀቀችም። ሲመነጭቅ፣ ስትጎትት፣ ጎማው ከእጇ አመለጠና ሰውየው ማንን እንደሚመታ እንኳ ሳያይ ዞሮ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረው። ጎማው ከጉንጯ እስከ ቀኝ ጆሮዋ ገመጣት።

ዓለም ተዘጋ። መጀመሪያ የመሰላት ክፍሉ በድንጋጤ ዝም ያለ ነው። ከዚያ ግን የልጆቹ አፍ ተከፍቶ አየች፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ አየች፤ ድምፅ የለም። ዴስክ ሲገለበጥ ንዝረቱ በእግሯ ይሰማታል፣ ድምፁ የለም። ቴስታ ዴስኩን ዘሎ መጣ። ግንባሩ የምክትሉ አገጭ ላይ ሲያርፍ የሰውየው ጭንቅላት ወደ ኋላ ተወረወረ፣ ነጩ ሸሚዝ ቀላ። ወደቀ። ክፍሉ እንዳለ ላዩ ላይ ፈሰሰ። እግር፣ ቡጢ፣ የዴስክ ጣውላ፣ ቦርሳ። ትናንትና እጇን ጨብጠው የገቡት፣ ልደቷን ጠይቀው የነበሩት፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው የሚጠርጉት ልጆች የሰው ጎድን እየረገጡ ነው። ዘበኛው በሩን ትቶ ሮጠ።

«ተዉ!» አለች። መጮኋን የምታውቀው በጉሮሮዋ ብቻ ነው። ማንም አልዞረም።

ከዚያ መርፌን አየቻት። ልጅቷ ተንበርክካ፣ አንገቷ እየደማ፣ ኮምፓሱን በሁለት እጇ ይዛ የሰውየው ዓይን ላይ አነጣጥራ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም የለም። አስተማሪዋ ምን እንዳደረገች በኋላ ስትጠየቅ በቅጡ ልትናገር አልቻለችም፤ ራሷን ያገኘችው ምክትሉ ላይ ተደፍታ ነው። ደረቱ በደረቷ ሥር ሲንፈራገጥ፣ የደሙ ሙቀት በልብሷ ሲገባ ተሰማት። ኮምፓሱ ትከሻዋን ጭሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። እርግጫ ጀርባዋን አገኛት፤ አንድ፣ ሌላ። ቀና ስትል ቴስታ ጣውላውን ከራሱ በላይ አንስቶ ነበር። ክንዷን ዘረጋች። ጣውላው ሲወርድ የአጥንቷን መሰበር በጆሮዋ ሳይሆን በጥርሶቿ ሰማችው።

ልጁ ማንን እንደመታ አየ። ጣውላው ከእጁ አልወደቀም፤ ይዞት ቆሞ ቀረ። አፉ ይንቀሳቀሳል። ምን እንዳለ አልሰማችም፣ ዛሬም አታውቅም።

«ተቀመጡ» አለቻቸው። አንዳንዶቹ በመስኮት ዘለው ጠፉ። የቀሩት በተገለበጠው ዴስክ መሀል ተቀመጡ፤ ወንበር ያጡት ወለሉ ላይ፣ ደሙ አጠገብ። መርፌ የሚደማ አንገቷን በመዳፏ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሰዎች መጥተው እስኪያነሷት አስተማሪዋ ከምክትሉ ላይ አልተነሳችም።

የሰውየው መንጋጋና ጎድኖቹ ተሰብረዋል። የሷ ቀኝ ክንድ በጄሶ ታሰረ። ጆሮዋ አልጠፋም፤ መጀመሪያ እንደ ንብ ይጮህ ጀመር፣ ቀጥሎ የባሏን ድምፅ ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚመጣ ሰማች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ «በየትኛው በኩል ላማርር እንግዲህ?» ሲላት ሁለቱም ሳቁና ወዲያው ሁለቱም አለቀሱ።

ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ርእሰ መምህሯ፣ ከወላጆች የተመረጡ፣ ከበላይ ቢሮ የመጣ አንድ ሰው። የፈለጉት ነገር ቀላል ነበር። ቴስታ ምክትሉንም እሷንም እንደሰበረ ትመስክር፤ ልጁ ለፖሊስ ይሰጥ፤ ነገሩ ይዘጋ።

«ልጁ ሰውየውን መትቷል» አለች። «በግንባሩም፣ ከወደቀ በኋላ በጣውላም። አይቻለሁ፣ አልክድም። ክንዴን ግን መሀል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰውየው ልጅቷን ገርፏል፣ እኔን ፊቴን ገርፏል። ፖሊስ ከተጠራ ለሁለቱም ይጠራ።»

ከቢሮ የመጣው ሰው «ምክትሉ እኮ ሥርዓት ሊያስከብር ነው» አለ።

ጉንጯን አዞረችለት። ጠባሳው ገና ጥቁር ነበር። «ሥርዓቱ ይኸውልህ» አለችው።

ፖሊስ አልተጠራም። ቴስታ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታገደ፤ ምክትሉ ሲሻለው ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር፣ ጎማም ከግቢው እንዲወጣ ተወሰነ። ኮምፓስ ማን እንደያዘ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም አላነሳችውም።

ከስብሰባው ስትወጣ የቴስታ እናት በር ላይ ጠበቀቻት። የሽንኩርት ልጣጭ ሽርጧ ላይ እንደተጣበቀ ነው።

«መታ አልሽ። ከአፍሽ ወጣ። ላንቺ ብሎ አይደለም ወይ የመታው?»

«ለኔ ብሎ ነው።»

«እና ሸጥሽው!»

«እናቱ፣ ሰውየው ሊሞት ነበር። መታ ስላልኩ ታገደ፤ ዝም ብል ደግሞ አስተማሪውን የሰበረ ተብሎ ይታሰር ነበር።»

«ወንድሙ ሲሰማ ምን እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ?» አለችና ፊቷ ላይ ልትተፋ ከንፈሯን ሰበሰበች። ግን እግሯ ሥር ተፋችና ሄደች። ወንድምየው ያንን ልጅ በዚያ ሳምንት በቀበቶ፣ ዘለበቱ ባለበት በኩል ገረፈው። አስተማሪዋ ይህን ስትሰማ ባሏን ይዛ ቤታቸው ሄደች። በያጁ ታላቅየውን ደጅ አውጥቶ ምን እንዳለው አይታወቅም፤ ሲመለስ የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠው ነበር። «እጄን በላኝና እንደ ልጆችሽ ፊቴን ታጥቤ መጣሁ» አላት። አልሳቀችም። አኮረፈችው።

ምክትሉን ልትጠይቅም ሄደች፣ ሰው ሁሉ አትሂጂ እያላት። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ማን እንደሆነች ስታውቅ አንድም ቃል ሳትናገር በጥፊ መታቻት። ከውስጥ በተሰበረ መንጋጋ መሀል የሚወጣ ድምፅ «አስገቢያት» አለ።

ተቀመጠች። ረጅሙ ሰውዬ ብርድ ልብስ ውስጥ አጥሮ ነበር። ዓይኑን ከጉንጯ ላይ መንቀል አቃተው።

«ለምን ተደፋሽብኝ?» አላት በመጨረሻ።

«ልጆቹ ነፍሰ ገዳይ እንዳይሆኑ ነው። ላንተ ብዬ አይደለም።»

ሊስቅ ሞከረ፣ መንጋጋውን ያዘ፣ እንባው መጣ። ከሕመሙ ይሁን ከሌላ እሷ አልጠየቀችም። ይቅርታ አላላትም። ስትወጣ ግን ሚስቱ ዣንጥላዋን አቀበለቻት፤ ውጪ እየዘነበ ነበር።

ሰባተኛ «መ»ን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይዛ ጨረሰች፤ በግራ እጇ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ተምራ። መርፌ አለፈች። ልጅቷ ለወራት ኮምፓስ መንካት እምቢ አለች፤ ክቡን ሁሉ በኩባያ አፍ ነበር የምትሠራው። መምህራኑ ግን አስተማሪዋን አልወደዷትም። ጎማው ከወጣ በኋላ የሌላው ክፍል ጩኸት የመጣው በሷ ነው ይላሉ፤ እሷ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል።

ቴስታ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ፣ ቁመቱ ጨምሮ፣ ድምፁ ጎርንኖ። እሷ ክፍል እንዲመደብላት አዲሱን ምክትል ለምና አስፈቀደች። ልጁ ግን እሷ ያለችበት መምህራን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ቀኝ ጆሮዋን ፈልጎ ቆመ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ክፍል አልገባም።»

«ለምን፣ የኔ ልጅ?»

«ክንድዎ ጠማማ ነው።»

«ዝናብ ሲመጣ ትንሽ ያመኛል እንጂ ምንም አይለኝም።»

«እኔን ይለኛል» አለ። ግንባሩን ደፍቶ ወለሉን ያይ ነበር። «በየቀኑ እያየሁት አልማርም። እዚያ ሰባተኛ ‹ሀ› ያስገቡኝ።»

ልትለምነው ፈለገች። ከዚያ የልጁን እጆች አየች፤ ሱሪውን ጨብጠው ነጭ ሆነዋል።

«ይሁን» አለችው። «‹ሀ› እንዲያስገቡህ ራሴ እነግርልሃለሁ።»

እንደዚያ ሆነ። እሱ በኮሪደሩ ወዲያ ማዶ፣ እሷ በወዲህ፣ ዓመቱን ጨረሱት።